ያልበተንኩት ወረቀት፦ አምስት ቀን በፍኖተ ሰላምና በቡሬ

ወደ ጎጃም የሄድኩት ለጎጃሞች አማርኛ ላስተምር ነው። ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው። ድሬዳዋ ያሉት እህቶቼ ስመለስ «ምን አየሽ?» ሲሉኝ ስለ ተራራና ስለ ጤፍ ማሳ እንድነግራቸው ጠብቀው ነበር። እነሱ ወደዚያ አገር የሚሄዱ አይመስለኝም። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ፣ ያጠፋሁትንም ጭምር፣ በየቀኑ ከፍዬ እጽፍላቸዋለሁ።

መጀመሪያ ሥራዬን ልናገር። አዲስ አበባ የምሠራበት ድርጅት ገበሬዎች ከብት ሲታመምባቸው የሚደውሉበት አገልግሎት አለው። ስልኩን የሚያነሳው ሰው አይደለም፤ አማርኛ የሚሰማና የሚናገር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። እኛ «ረዳቱ» እንለዋለን። ረዳቱ እጅ የለውም፤ ያሉት መሣሪያዎች ናቸው። አንዱ መሣሪያ አዲስ ሕመም ይመዘግባል፣ አንዱ ለእንስሳት ሐኪሙ መልእክት ይልካል፣ አንዱ ጉዳዩን ይዘጋል። የትኛውን መቼ ማንሳት እንዳለበት የሚያውቀው ከየመሣሪያው ጋር ከተጻፉት ሁለት ሦስት መስመሮች ነው። እነዚያን መስመሮች የምጽፈው እኔ ነኝ።

ሰኔ እንደገባ ከቡሬ ወጣ ካለች መንደር አንድ አባት ጠዋት ደወሉ። የበሬያቸው ጉሮሮ አብጦ መተንፈስ አቅቶታል። ረዳቱ መዘገበ፣ ሐኪምም ጠራ። ከሰዓት በኋላ እኒሁ ሰው እንደገና ደውለው «የበሬው ነገርማ አበቃለት፤ እንግዲህ እናንተም አትድከሙ፤ እግዜር ይስጥልን» አሉ። ረዳቱ አመስግኖ ጉዳዩን ዘጋው። ሐኪሙ ሞተር ሳይክሉ ላይ ሳለ «ተዘግቷል» የሚል መልእክት ደረሰውና ከመንገድ ተመለሰ። በሬው በማግስቱ ሞተ።

ኃላፊያችን የስልኩን ቅጂ ሰምቶ ወዲያው ፈረደ፤ ጥፋቱ የደዋዩ ጠማማ አነጋገር ነው። «በስልክ በግልጽ እንናገር» የሚል ወረቀት ተዘጋጅቶ ታተመ። ሦስት ደንቦች ነበሩት፦ አጭር ተናገሩ፤ «ታሟል» ወይም «ድኗል» ብቻ በሉ፤ ምሳሌና ተረት አትጠቀሙ። ወስጄ እንድበትን የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን አልተከራከርኩም። የመዝጊያውን መሣሪያ መስመር ማን እንደጻፈው አውቃለሁ፤ ወረቀቱ ደግሞ ጥፋቱን ከላዬ ያነሳልኝ ነበር።

አንደኛ ቀን

መንገዱ ሰላም መሆኑን በዋዜማው ደውዬ ጠየቅሁ፤ በዚህ ዘመን ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ዓባይ በረሃ ስንደርስ የሚኒባሱን መስኮት ከፈትኩት። የገባው አየር የድሬ አየር ነው። ተሳፋሪው ሁሉ በሙቀቱ ሲያማርር እኔ ጃኬቴን አውልቄ አገሬ የገባሁ ያህል ተደላደልኩ። ደስታዬ ግን ከደጀን አላለፈም፤ ሽቅብ ስንወጣ ብርዱ መጣና ጃኬቴን መልሼ ለበስኩት፤ እስክመለስም አላወለቅሁትም።

ደብረ ማርቆስ ላይ መኪና ቀየርኩ። ጅጋ ስንደርስ የተሳፈርንበት ሚኒባስ አንድ ነገር አንኳኳና ቆመ። ሾፌሩ ከሥሩ ገብቶ ዝናቡ ሳያቋርጥ ሲለፋ እኔ አንዲት ትንሽ ሱቅ ደጃፍ ተጠለልኩ። ባለሱቋ ጸጉራቸው የሸበተ እናት ናቸው። «እናት፣ ውሃ አለሽ?» አልኳቸው። ከጎኔ የቆመው ተሳፋሪ ዞር ብሎ አየኝ። እኛ ድሬ ላይ እናታችንንም አንቺ እንላለን፤ ከፍቅር ነው እንጂ ከንቀት አይደለም። ይህን ለማስረዳት አፌን ስከፍት እናትየዋ ቀደሙኝ።

«የት አገር ልጅ ነሽ?»

«የድሬዳዋ።»

«እንግዲያስ አላጠፋሽም። እዚያ ሙቀት ነው አሉ፤ ሙቀት ቃል ያሳጥራል።»

ውሃውን ሰጡኝ፤ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ ጨመሩበት፤ መኪናው እስኪጠገን ድረስ የራሳቸውን በርጩማ ለቀውልኝ ቆመው ሲሸጡ ዋሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንቱ ማለትን ተለማመድኩ፤ ምላሴ ግን እስከ መጨረሻው ያዳልጠው ነበር።

ፍኖተ ሰላም የገባነው ሲመሻሽ ነው። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሳልጠይቃቸው ሙቅ ውሃ በባልዲ አመጡልኝ። ድሬ ላይ ለእንግዳ የሚፈለግለት ቀዝቃዛ ውሃ ነው። እግሬን ሙቁ ውሃ ውስጥ ነክሬ ወረቀቱን አንዴ አነበብኩት። ከዚያ ቦርሳው ሥር ከተትኩት።

ሁለተኛ ቀን

ከመንገድ የተመለሰው ሐኪም ይበልጣል ይባላል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ትንሽ የእንስሳት መድኃኒት ቤት አለው፤ እስከ ቡሬ አካባቢ ያሉትን ጥሪዎች ከእኛ እየተቀበለ በሞተሩ ይሄዳል። ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ከየት እንደመጣሁ ስነግረው ወንበር ሳበልኝ፤ ፊቱ ግን አልተፈታም።

«ስሜን ታውቂያለሽ?»

«ይበልጣል።»

«አይደለም። ገበያ ውስጥ አሁን 'ተመላሹ' ነው የምባለው። ማንኩሳ ደርሼ ነበር፤ ቡሬ ለመግባት ብዙም አልቀረኝም። መድኃኒቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።»

ስልኩን አውጥቶ መልእክቱን አሳየኝ። «ጉዳዩ ተዘግቷል። ተጨማሪ ጉዞ አያስፈልግም።» ሁለተኛዋንም አረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ። ከወረቀቱ አንድ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። አንብቦ ሲጨርስ በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰልኝ። «ይኸን እኔ ቤት አታስቀምጭው» አለኝ። እሺ አልኩት።

ጥሪ ነበረበት፤ የቆሰለች በቅሎ። «ነይና ሥራሽን እይው» ብሎ ከኋላው አፈናጠጠኝ። ጭቃው ሞተሩን ወደ ፈለገበት ይወስደዋል። ከብዙ መንገድ በኋላ አንድ ቤተ ክርስቲያን ጋ ደርሰን ብንጠይቅ በቅሎ የታመመበት ሰው የለም ተባልን። የረዳቱ መልእክት ቦታውን «ሚካኤል» ብሎ ነበር የጻፈው። ደዋዩ ያሉትም ሚካኤል ነው፤ ስልካቸው ደግሞ ተዘግቷል።

«እዚህ አካባቢ ስንት ሚካኤል እንዳለ ታውቂያለሽ?» አለ ይበልጣል።

«አላውቅም።»

«እኔም ቆጥሬ አልጨረስሁም።»

መስመሩን አስታወስኩት። «ቦታ፦ ደዋዩ ያለበት ቦታ።» በቃ፣ ይኸው ነው። ድሬ ላይ «ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ» ካልክ ሁሉም ያውቃል፤ ጣቢያው አንድ ነው። እኔ የጻፍኩት አንድ ጣቢያ ላለው ከተማ ነው። ሁለተኛው ሚካኤል ዘንድ በቅሎዋን አገኘናት። ይበልጣል ቁስሏን አጥቦ መድኃኒት ሲያደርግላት እኔ ከሞባይሌ ላይ የጻፍኳቸውን መስመሮች አንድ በአንድ አነበብኩ። አንዳቸውም እዚያ ማሳ ላይ የቆመ ሰው የጻፋቸው አይመስሉም ነበር።

ሦስተኛ ቀን

በሬው የሞተባቸው አባት የኔታ ስማቸው ናቸው፤ በደብራቸው ቅኔ ያስተምራሉ፣ ያርሳሉም። እሳቸው ዘንድ ልሄድ ነው ስለው ይበልጣል አንገራገረ። በሬው ከሞተ ወዲህ በዚያ በኩል አላለፈም። በኋላ «ብቻሽን መንገዱን አታውቂውም» አለና ሞተሩን አስነሳ።

ከቡሬ በኋላ የተወሰነውን በእግር ነው የሄድነው። አንድ ጭቃማ መሻገሪያ ላይ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ቀረ። አዲስ አበባ ለእግር መንገድ ብዬ የገዛሁት ጫማ ነው። አንድ እግሬን እየጎተትኩ ግቢው ስደርስ የየኔታ ባለቤት ወይዘሮ ትዋብ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ የራሳቸውን የላስቲክ ጫማ አውልቀው አቀረቡልኝ። እሳቸው በባዶ እግራቸው ገቡ። እምቢ ብል «እንግዳ ሆነሽ ታዢኛለሽ እንዴ?» አሉኝ።

የኔታ መደቡ ላይ ነበሩ። ይበልጣል በሩ ላይ ቆሞ ጎንበስ አለ።

«ግባ እንጂ» አሉት። «ከመንገድ የተመለስኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ የኔታ።»

«ምን መለሰህ?»

ይበልጣል ወደ መሬት አየ። ሊናገር ይችል ነበር፤ መብቱም ነው። ዝም አለልኝ። ከድርጅቱ ይቅርታ እንድጠይቅም ሆነ ጥፋት እንዳምን አልተፈቀደልኝም ነበር። ተፈቀደም አልተፈቀደም፣ እኒያን ሰው እያየሁ መዋሸት አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ የመለስኩት» አልኩ። ረዳቱ ምን እንደሆነ፣ መሣሪያዎቹን እንዴት እንደሚመርጥ፣ የምጽፍለትም እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ከዚያ «የጻፍሽውን ቃል በቃል ንገሪኝ» አሉ።

«'የእንስሳው ጉዳይ ሲያልቅ ይህን ተጠቀም።'»

«ድገሚው።»

ደገምኩት።

«'ሲያልቅ' አልሽው። እኔም 'አበቃለት' አልሁት። እንግዲያማ ያዘዝሽውን ነው ያደረገ። ታዛዥ ነው።»

ከስድብ ሁሉ ይህ ከበደኝ። «አትድከሙ ያሉት ለምን ነበር የኔታ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ጠዋት ደውዬ እስከ ቀትር ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። 'ለምን ዘገያችሁ' ብዬ ልጩህባችሁ? ነውር ነው። 'አትድከሙ' ሲባል ሰው አፍሮ ይሮጣል። የሚያፍር ሰው መስሎኝ ነው።»

ቦርሳዬ ውስጥ ስላለው ወረቀት አልጠየቁኝም። ግን ደብቄው ብወጣ ሌላ ውሸት ይሆንብኝ ነበር። አውጥቼ ሦስቱን ደንቦች አነበብኩላቸው። ይበልጣል ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። የኔታ «ይኸን የጻፈው ሰው ከብት ሞቶበት ያውቃል?» አሉ።

«አይመስለኝም።»

«እኔ የደወልሁት በሬው ሲያጣጥር አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው። በዚያ ሰዓት ደንብ አላስታውስም። አማርኛዬንም አልለውጥም። እኔ ዘንድ አንድ ቃል ይዞ ሁለት መንገድ የሚሄድ ተማሪ ይመሰገናል። ያንች ተማሪ ግን ሁለት መንገድ ሲያይ አንዱን መርጦ ዝም ብሎ ይሄዳል። ጠይቆ ቢሄድ ምን ነበረበት?»

«እንዲጠይቅ አልነገርኩትም» አልኩ።

«እሱን ንገሪዋ።»

ምሳ ቀረበ፤ ሽሮና ጎመን። ወይዘሮ ትዋብ ሰሚራ የሚለውን ስሜን ሲሰሙ ምንም አላሉም ነበር፤ እንጀራውን ሲቆርሱልኝ ግን «የሰኔ ጾም ሆኖ እንጂ ከቡሬ ሙስሊም ጠርተን ዶሮ እናሳርድልሽ ነበር» አሉኝ። በሬውን የገደልኩባቸው ቤት ነው ይህን የሰማሁት። እንባዬ መጣ፤ በሚጥሚጣው አሳበብኩ።

በሬያቸው አሁን አንድ ብቻ ነው። ከአንድ ባለ አንድ በሬ ጎረቤት ጋር መቀናጆ ገብተው፣ ሁለቱን በሬዎች ጠምደው በተራ ያርሳሉ፤ ተራቸው እስኪደርስ ዝናቡ አይጠብቃቸውም። ስወጣ «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ይቅርታውስ ይሁን» አሉ። «በሬው ግን አይነሳም። ነገ የሚደውለውን ሰው አስቢ።»

ይበልጣልን ደጅ ድረስ ሸኙት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም፤ ሲመለስ ግን ከቡሬ የወጣው ሰው አልነበረም፤ ማንኩሳ እስክንደርስ ድረስ አወራልኝ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ቡሬ ላድር ነበር ያሰብኩት፤ ሻንጣዬን ግን ፍኖተ ሰላም ረስቼው ስለነበር ይበልጣል እዚያ ድረስ ወስዶ መልሶ ቡሬ አደረሰኝ።

አራተኛ ቀን

ቡሬ። ሙሉ ቀን ዘነበ፤ መብራትም የለም። ኮምፒውተሬ ቢዘጋብኝ ጊዜ ወረቀቶቹን አወጣኋቸው፤ ጀርባቸው ባዶ ነበር። የሁሉንም መሣሪያዎች መግለጫ እዚያ ላይ እንደ አዲስ መጻፍ ጀመርኩ። ከመዝጊያው ጀመርኩ።

የቡሬው ማረፊያ ባለቤት ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዳቦና ሻይ ይዘው ሲገቡ አንድ ነገር ለመንኳቸው። ስለ ረዳቱ ምንም አያውቁም፤ የፈለግሁትም ይህንኑ ነው። የጻፍኩትን ሰጥቻቸው «እኔ ገበሬ ሆኜ እናገራለሁ፤ እርስዎ ከዚህ ወረቀት ሌላ ምንም እንደማያውቁ ሆነው የትኛውን መሣሪያ እንደሚያነሱ ይንገሩኝ» አልኳቸው። ሳቁ፤ ግን ተቀመጡ። የማያውቅ ሰው አንብቦ ካልገባው ረዳቱም አይገባውም።

ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ቆሙ። «'ጉዳዩ' ያልሽው ምኑ ነው? ከብቱ ነው፣ በሽታው ነው፣ ወይስ ስልኩ?»

ዓመት ሙሉ ስጽፈው የኖርኩት ቃል ነው፤ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሰረዝኩት። እሳቸው በቆሙበት ሁሉ እየሰረዝኩ፣ ሲያነቡ እያየሁ፣ ቀትር አለፈ። የመዝጊያው መግለጫ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

«ይህ መሣሪያ ሐኪሙን ከመንገድ ይመልሰዋል፤ ከተጠቀምክበት በኋላ ማንም ወደ ታመመው እንስሳ አይሄድም። የምትጠቀምበት ደዋዩ እንስሳው መዳኑን ወይም መሞቱን በማያሻማ ቃል ሲናገር ብቻ ነው። 'አለቀለት'፣ 'አበቃለት'፣ 'አትድከሙ' ማለት 'ሊሞት ነው፣ ቶሎ ድረሱ' ማለት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ስትሰማ መጀመሪያ 'አሁን ቆሟል? ይበላል?' ብለህ ጠይቅ። መልሱ ካልጠራልህ አትዝጋ።»

ቦታውም ላይ «የቀበሌው፣ የጎጡና የቅርቡ ቤተ ክርስቲያን ስም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ስም ብቻውን አይበቃም» ብዬ ጻፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊዬ ደወለ።

«ስንት በተንሽ?»

«አንድም።»

«ዝናቡ ነው?»

«ዝናብም አለ። ባይኖርም አልበትንም ነበር።»

«ሰሚራ፣ የሄድሽው ለዚህ ነው። ሰዎቹ በግልጽ መናገር ካልለመዱ አገልግሎቱ አይሠራም።»

«አማርኛው የእነሱ ነው። ግልጽ ያልነበረው የእኔ መስመር ነው። ለበሬው ባለቤትም ነግሬያቸዋለሁ።»

«ነገርሻቸው?» ድምፁ ተቀየረ። «እንዲህ ያለው ስህተት ረዳቱ በተሻለ ሞዴል ሲተካ ራሱ ይጠፋል። አንቺ መግለጫ ላይ ምን አስጨነቀሽ?»

«የተሻለውም የሚያነበው እኔ የጻፍኩትን ነው።»

«በየጥሪው ጥያቄ ከጠየቀ ገበሬው ይናደዳል።»

«ይናደድ» አልኩ። «ተናድዶ ከብቱ ይዳንለት።»

ስትመለሺ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይጠብቅሻል ብሎ ዘጋው። ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ፤ ደመወዜ እናቴ ዘንድም ይደርሳል። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሁሉንም ሰምተዋል። ሻዬን ቀይረው ሞቅ ያለ አመጡልኝና የቀረውን መግለጫ ለማንበብ እጃቸውን ዘረጉ።

አምስተኛ ቀን

የመመለሻው መንገድ አጭር መሰለኝ። የወይዘሮ ትዋብን ጫማ በይበልጣል በኩል መልሼላቸው፣ ከቡሬ ገበያ በገዛሁት ተመሳሳይ የላስቲክ ጫማ ነው አዲስ አበባ የገባሁት። ድሬ ብሆን ኖሮ እግሬ በውስጡ ይቀቀል ነበር።

ማስጠንቀቂያው እንደተባለው ጠበቀኝ። ፈርሜ ተቀበልኩ፤ ከሥሩ ግን «መግለጫው የእኔ ስህተት ነበር፤ የደዋዩ አልነበረም፤ የሐኪሙም አልነበረም» ብዬ ጻፍኩበት። ኃላፊዬ እንድሰርዘው ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። አልሰረዝኩም። ከዚያ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር የቆዩ ጥሪዎችን እያሰማን ረዳቱን በአዲሶቹ መግለጫዎች ፈተንነው። በየኔታ ጥሪ ላይ ቆሞ ጠየቀ። ኃላፊዬ ከኋላችን ቆሞ ሰማውና ወጣ። በሦስተኛው ቀን ለቡሬ አካባቢ ብቻ፣ ለሙከራ፣ ይሁን አለ።

ከሳምንት በኋላ ይበልጣል አንድ ጥሪ እንድሰማ ነገረኝ። ምጥ የጠናባት ላም ያለቻቸው ሴት ጠዋት ደውለው፣ ቀትር ላይ እንደገና ደውለዋል።

«ላሚቱ ተገላገለች» ይላሉ ሴትዮዋ።

እኔ የጻፍኩት ዝርዝር ውስጥ ይህ ቃል የለም። መውለዷም፣ መሞቷም ሊሆን ይችላል።

«ተገላገለች ሲሉ ወለደች ማለትዎ ነው?» አለ ረዳቱ። «አሁን ቆማለች? ትበላለች?»

«ጥጃውማ ወጣ። እሷ ግን ወድቃ ቀረች እንጂ የት ትቆማለች። ምን ያለኸው ነህ አንተ ደግሞ፣ ላም አታውቅም? እኔ በጭንቅ፣ አንተ በጥያቄ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። አልዘጋሁትም፤ ሐኪሙ እየመጣ ነው። ቀበሌዎንና ጎጥዎን ደግመው ይንገሩኝ።»

ሴትዮዋ እየተቆጡ ተናገሩ፣ እየተቆጡ ስልኩን ዘጉ። ይበልጣል ማንኩሳን አልፎ ሄደ። ሲደርስ ላሟ ገና ትተነፍስ ነበር፤ መድኃኒቷን ሰጥቷት፣ ሴትዮዋ እሱንም እየተቆጡት፣ በእግሯ እስክትቆም አጠገቧ ቁጭ አለ።